ከ1972 እስከ 1976 ዓ.ም. የወጣውን የውጭ ፖፕና ሮክ እንደገና ለማድመጥ

ዛሬ በቸርችል ጎዳናም ሆነ በብሔራዊ ቴአትር ዙሪያ ካሉት ካፌዎች በአንዱ ጥቂት አረፍ ያለ ሰው «ኤይቲስ» እየተባለ የሚከፈተውን ሙዚቃ ሳይሰማ አይነሣም። የሚደጋገሙት ግን በጣት የሚቆጠሩ ዘፈኖች ናቸው፤ ኢንተርኔቱ ብዙ ሰው የከፈተውን እየመረጠ ስለሚደረድር ትናንት የተሰማው ዛሬም ይሰማል፣ ያልተሰማው ደግሞ ጭራሽ እየተረሳ ይሄዳል። ዘመኑን በወጣትነታቸው የኖሩበት ሰዎች ትዝታ እንኳ ቀስ በቀስ በዚሁ ዝርዝር ልክ ሲጠብብ ይታያል። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ያንን ሙዚቃ በሙሉ ስፋቱ መልሰው ለመስማት ለሚሹ፣ በተለይም የቤተሰብ ካሴት፣ አንድ የቆየ ቴፕና ስልክ ላላቸው የመሀል ከተማ አንባቢዎች ነው። መነሻ አቋሙም ይህ ነው፦ የዚያ ዘመን ዋና ጠባይ የዓይነቱ ብዛት ስለሆነ፣ ዘፈኖቹን በዝናቸው ሳይሆን በወጡበት ዓመት፣ በነጠላ ሳይሆን በሙሉ አልበም ማድመጥ ይገባል።

ዘመኑን መለየት

ፍለጋ ከመጀመሩ በፊት የዓመት ቆጠራውን ማስተካከል ያስፈልጋል። ፈረንጆች «ኤይቲስ» የሚሉት አሥርት ዓመት በእኛ ከታኅሣሥ 1972 እስከ ታኅሣሥ 1982 ዓ.ም. ያለው ነው፤ ስለዚህ «ሰማንያዎቹ» ብሎ የሚያወራ ሰው በየትኛው አቆጣጠር እንደሚያወራ ካልተጠየቀ ፍለጋው በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ሊስት ይችላል። አጎትዎ «ይህን ዘፈን የሰማሁት በሰባ አምስት ነው» ካሉ፣ መፈለግ ያለብዎት እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 1982 እስከ ሴፕቴምበር 1983 ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ለምሳሌ የማይክል ጃክሰን «ትሪለር» አልበም ለገበያ የቀረበው ኅዳር 21 ቀን 1975 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ኖቬምበር 30 ቀን 1982 ነበር። አዲስ ዘፈን አዲስ አበባ የሚደርሰው ብዙውን ጊዜ ከውጭ በሚመለስ ሰው ሻንጣ ስለነበረ፣ የተጠቀሰው ዓመት ባዶ ሆኖ ሲገኝ አንድ ዓመት ወደኋላ ማየት ይጠቅማል። ከዚህ በታች የአልበሞቹ ዓመት በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፈው ለኢንተርኔት ፍለጋ እንዲያመች ነው።

የቤቱን ካሴት ማዳን

በዚያ ጊዜ የውጭ ዘፈን በአብዛኛው የሚገኘው በማስቀዳት ነበር። ባዶ ካሴትና በወረቀት የተጻፈ የዘፈን ምርጫ ይዞ ወደ ሙዚቃ ቤት የሄደ ወጣት ከቀናት በኋላ ተመልሶ የተቀዳለትን ይወስዳል። በአንድ የካሴት ገጽ ላይ ኬኒ ሮጀርስ፣ ቦብ ማርሌይ፣ ቦኒ ኤምና ላየኔል ሪቺ ያለ ምንም ይሉኝታ ተከታትለው ይገኛሉ፤ ዛሬ «ሮክ»፣ «ሬጌ»፣ «ካንትሪ» ተብሎ በየሳጥኑ የተከፋፈለው ሙዚቃ በአዲስ አበባ ጆሮ አንድ ላይ የተሰማው በዚህ መንገድ ነው። በነገራችን ላይ ድብልቁ ከሚመስለው የበለጠ ትክክል ነው፦ ኬኒ ሮጀርስ በ1980 በዓለም ዙሪያ የታወቀበትን «ሌዲ» የተሰኘ ዘፈን የጻፈለት ላየኔል ሪቺ ነበር። እንዲህ ያለው ካሴት ከየትኛውም የኢንተርኔት ዝርዝር ይልቅ ታማኝ የዘመን ሰነድ ስለሆነ፣ አልጋ ሥር ካለ ሻንጣ ውስጥ ሲገኝ ቸኩሎ ቴፕ ውስጥ መክተት አይገባም።

አስቀድመው የሽፋን ወረቀቱን በሁለቱም በኩል ፎቶ ያንሡ። በእጅ የተጻፈው ዝርዝር ስሞችን በሰሙት መጠን የሚጽፍ በመሆኑ ስሕተት ቢበዛበትም፣ ቅደም ተከተሉና አንዳንዴ ጥግ ላይ የሚገኘው ቀን ዋጋ አላቸው። ቀጥሎ በካሴቱ መስኮት በኩል ክሩን ይመልከቱ። ነጭ ወይም ግራጫ ዱቄት የመሰለ ነገር ከታየ ሻጋታ ነውና ፈጽሞ አያጫውቱት፤ ከአንዱ ካሴት ወደ ቴፑ፣ ከቴፑም ወደ ሌሎች ካሴቶች ይተላለፋል። ከክሩ ጀርባ ያለችው ትንሽ ጨርቅ መሰል ንጣፍ በቦታዋ መኖሯንም ያረጋግጡ፤ እርሷ ከወደቀች ክሩ «ሄድ» ከሚባለው፣ ድምፁን ከክሩ ከሚያነበው የቴፑ ክፍል ጋር በደንብ ስለማይገጥም ድምፁ ታፍኖ ይሰማል። ከካሴቱ ጀርባ በግራና በቀኝ ያሉት ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ክዳኖች ካልተሰበሩ ይስበሯቸው። እነርሱ እስካሉ ድረስ የመቅጃ ቁልፍ በስሕተት ቢነካ ሳይመለስ የሚጠፋ ነገር አለ።

ክሩ ለብዙ ዓመታት በአንድ ወገን ተጠቅልሎ ስለቆየ፣ ከመጫወቱ በፊት በእስክሪብቶ ጥቂት ላላ አድርጎ፣ ከዚያም በማሽኑ እስከ መጨረሻው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ማጠንጠን ያስፈልጋል። ባለ 60 ደቂቃው ካሴት በየገጹ 30፣ ባለ 90ው ደግሞ በየገጹ 45 ደቂቃ ይይዛል፤ ሁለቱም ጠንካሮች ናቸው። ባለ 120ው ግን ክሩ በጣም ስስ ስለሆነ ቴፑ በቀላሉ ይበላዋል፤ እርሱን በተደጋጋሚ ከማጠንጠን መቆጠብና አንድ ጊዜ ብቻ አጫውቶ ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ የተሻለ ነው። ክሩ የተጣበቀበት ካሴት በብሎን የተገጠመ ከሆነ ተፈትቶ ሁለቱ ጥቅሎች ወደ ሌላ ጤናማ ልባስ ሊዛወሩ ይችላሉ፤ በሙጫ የተዘጋውን ግን መክፈት ልምድ ያለው ሰው ሥራ ነው።

ወደ ማሽኑ ስንመጣ፣ ለዓመታት ተቀምጦ የቆየ ቴፕ ብዙውን ጊዜ የሚበላሽበት ምክንያት የውስጥ ጎማው ነው። ሞተሩን ከመዘውሩ ጋር የሚያገናኘው ቀጭን ጎማ ይላላል፣ ይበጠሳል፣ አንዳንዱም ቀልጦ እንደ ሬንጅ ይጣበቃል። መለወጡ ከባድ ሥራ አይደለም። ቴፕ ብቻ የሚሠሩ ባለሙያዎች እየተመናመኑ ቢመጡም ሬዲዮና ቴሌቪዥን የሚጠግኑት በመሀል ከተማ አሁንም አሉ፤ ሆኖም በፒያሳ በ2016 ዓ.ም. ብዙ የቆዩ ሱቆች ስለፈረሱ፣ በድሮ አድራሻ ከባድ ዕቃ ተሸክሞ ከመሄድ በፊት ቤቱ ወዴት እንደተዛወረ አካባቢውን መጠየቅ ይሻላል። ሄዱን በጥጥ በተጠቀለለ እንጨትና በአልኮል ያጽዱ። በየፋርማሲው የሚገኘው 70 በመቶ አልኮል ውሃ ስለሚበዛበት ከ90 በመቶ በላይ የሆነው ይመረጣል። ክሩን የሚገፋውን የጎማ ጥቅል ግን አልኮል ስለሚያደርቀው በጥቂት ሳሙናና ውሃ በረጠበ ጨርቅ መጥረግ ይበቃል።

ከጽዳቱ በኋላ ሁለት ነገር ይፈተናል። የመጀመሪያው ፍጥነት ነው፦ ካሴት በሴኮንድ 4.76 ሴንቲ ሜትር ይሄዳል ተብሎ የተሠራ ስለሆነ፣ ሞተሩ ከደከመ የዘፋኙ ድምፅ ይወፍራል፣ ከፈጠነም ይቀጥናል። በሚገባ የሚያውቁትን አንድ ዘፈን በስልክዎና በቴፑ በአንድ ጊዜ ከፍተው ያነጻጽሩ። ሁለተኛው የሄዱ አቀማመጥ ነው። ከሄዱ ጎን ያለችውን ትንሽ ብሎን ሙዚቃው እየተጫወተ እጅግ በጥቂቱ ሲያዞሯት የሲምባሉ ድምፅ ሲደበዝዝና ሲጠራ ይሰማል፤ በጣም የጠራበት ቦታ ላይ ይተዉት። ይህ ሥራ ከሁሉም ይልቅ ውጤቱ የሚያስደንቅ ነው፤ «ክሩ አርጅቷል» ተብለው የተጣሉ ብዙ ካሴቶች ያረጁት በብሎን ብቻ ነበር።

ለመገልበጥ ከቴፑ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ወደ ኮምፒውተሩ መግቢያ የሚሄድ ተራ ገመድና ኦዳሲቲ የተባለው ነፃ ፕሮግራም በቂ ናቸው። ድምፁ ሲጮኽ እንዳይሰነጠቅ ከፍተኛው ነጥብ ከዜሮ በታች 6 ዴሲቤል አካባቢ እንዲሆን ያስተካክሉ፣ አንዱን ገጽ ሳያቋርጡ በሙሉ ይቅዱ፣ መቆራረጡን ለኋላ ይተዉት። በ44.1 ኪሎ ኸርዝና በ16 ቢት የተቀዳ ስቴሪዮ በደቂቃ ወደ 10 ሜጋባይት ይወስዳል፤ አንድ ባለ 90 ካሴት ስለዚህ ወደ 900 ሜጋባይት ነው። ዋናውን ቅጂ ከድምፁ ምንም በማይቀንሱት የፋይል ዓይነቶች፣ በዋቭ ወይም በፍላክ፣ ያስቀምጡት፣ በኤምፒ3 የሚሠራው ለስልክ ብቻ ይሁን። መብራት ሊጠፋ እንደሚችል አስቦ ባትሪው በሞላ ላፕቶፕ መሥራት ብልህነት ነው፤ ቴፑንም ባትሪ የሚያስገባ ከሆነ በድንጋይ ማስኬድ ይቻላል፣ ያን ጊዜ ከመስመሩ የሚገባው የመብራት ጉርምርምታም አብሮ ይጠፋል። ስማቸው ያልታወቀ ዘፈኖችን እንደ ሻዛም ያሉ መተግበሪያዎች ብዙውን ጊዜ ይለዩአቸዋል፤ ፍጥነቱ የተዛባ ቅጂ ግን ስለሚያሳስታቸው በመጀመሪያ ፍጥነቱን ያቅኑ።

በዓመት ማድመጥ

ካሴቱ መነሻ ይሰጣል፣ ስፋቱን የሚሞላው ግን አልበሞቹን በየዓመታቸው ማድመጥ ነው። አንድ ወር ብቻ በመውሰድ ቢጀመር ዘመኑ ምን ያህል ሰፊ እንደነበረ ወዲያው ይታያል። በጁላይ 1980፣ በእኛ በሐምሌ 1972፣ በሳምንት ልዩነት ሁለት አልበሞች ወጡ። በ18ኛው ቀን የእንግሊዙ ጆይ ዲቪዥን «ክሎዘር» ለገበያ ሲቀርብ ዘፋኙ ኢያን ከርቲስ ከሁለት ወር በፊት ሕይወቱን አጥፍቶ ነበር። በ25ኛው ቀን የወጣው የአውስትራሊያው ኤሲ/ዲሲ «ባክ ኢን ብላክ» ደግሞ ቡድኑ በፌብሩዋሪ የሞተውን ድምፃዊ ቦን ስኮትን ያሰበበት፣ በብራያን ጆንሰን የተዘፈነ ሥራ ነው። ሁለቱም የኀዘን አልበሞች ናቸው ማለት ይቻላል፤ ነገር ግን አንደኛው ቀዝቃዛ፣ ባዶ ክፍል ውስጥ የሚንቋቋ ድራምና ከጊታሩ በላይ ዜማ የሚይዝ ቤዝ ሲሆን፣ ሌላው በደወል ጀምሮ በሁለት ጊታር የሚፈነጥዝ ነው። እነዚህን ሁለት በአንድ ቀን ያደመጠ ሰው «የኤይቲስ ድምፅ» የሚባል አንድ ነገር እንዳለ ከዚያ በኋላ አያምንም።

በዚያው ዓመት ጁን ላይ የወጣው የቦብ ማርሌይ «አፕራይዚንግ» በሕይወት እያለ ያሳተመው የመጨረሻው አልበም ነው፤ ግንቦት 3 ቀን 1973 ዓ.ም. አረፈ። 60ኛ የልደት ዓመቱ ጥር 29 ቀን 1997 ዓ.ም. በመስቀል አደባባይ ሲከበር የነበሩ ሰዎች ብዙዎቹን ዘፈኖች በቃል ያውቋቸዋል፤ ነገር ግን አብዛኛው አድማጭ የሚያውቃቸው በ1984 ከወጣው «ሌጀንድ» ከተሰኘው ስብስብ ነው። ስብስቡ ለስላሳዎቹንና ተወዳጆቹን መርጦ ያቀረበ በመሆኑ ከማርሌይ ሥራ የፖለቲካውና የጸሎቱ ክፍል ተቀንሷል። እናም በ«ሌጀንድ» አይጀምሩ፤ «አፕራይዚንግ»ን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያድምጡ፣ በአንድ ጊታር ብቻ የሚዘጋው ለምን እንደሆነ የሚገባው የቀደሙትን ዘፈኖች በቅደም ተከተል ለሰማ ሰው ነው።

ለ1981 አንዱን የእንግሊዝ ሲንተሳይዘር (ድምፅን በኤሌክትሪክ የሚፈጥር ኪቦርድ) አልበም፣ በእኔ ሚዛን የሂዩማን ሊግን «ዴር»፣ መያዝ ይበቃል፤ የዚያ ዓይነት ቡድኖች ብዙ ቢሆኑም እርስ በርስ ይመሳሰላሉ። 1982 ሀብታም ዓመት ነው። «ትሪለር»ን ሁሉም ያውቀዋል፤ እንደገና ሲሰሙት ግን አዘጋጁ ኩዊንሲ ጆንስ ስንት ዓይነት አድማጭ በአንድ አልበም እንደሰበሰበ ያስተውሉ፦ «ቢት ኢት» ላይ የሮኩ ኤዲ ቫን ሄለን በጊታር ገብቶበታል፣ ከእርሱ ቀጥሎ ያለው «ቢሊ ጂን» ደግሞ ድምፃዊው ከመግባቱ በፊት ግማሽ ደቂቃ ያህል በድራም፣ በቤዝና በሲንተሳይዘር ያስጠብቃል። በዚሁ ዓመት አይረን ሜይደን «ዘ ነምበር ኦፍ ዘ ቢስት»ን፣ ፕሪንስ «1999»ን፣ ማርቪን ጌይ የመጨረሻውን ታላቅ ሥራውን «ሚድናይት ላቭ»ን አሳትመዋል። ለ1983 ዘ ፖሊስ የተባለው ቡድን «ሲንክሮኒሲቲ»፣ የዩቱ «ዋር»፣ የዴቪድ ቦዊ «ሌትስ ዳንስ»ና የሜታሊካ የመጀመሪያ አልበም ጎን ለጎን ይቀመጡ። «ሌትስ ዳንስ» ላይ ከናይል ሮጀርስ የዳንስ አዘገጃጀት መሀል የሚወጣው የብሉዝ ጊታር የስቲቪ ሬይ ቮን ነው፤ ያኔ ገና የራሱ አልበም አልወጣለትም ነበር።

ሲያደምጡ የቪዲዮ ክሊፑን አይክፈቱ። ኤምቲቪ በኦገስት 1981 አሜሪካ ውስጥ ሥራ ከጀመረ በኋላ ዘፈን በምስል መታወቅ ቢጀምርም፣ አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ ብቻ በነበረባት ኢትዮጵያ ያ ሙዚቃ የደረሰው በአብዛኛው በጆሮ ነው። የፀጉርና የልብስ ፋሽኑን አይቶ ከመሳቅ የሚያድነውም ይኸው ነው። በሚቻል ጊዜ ሁሉ ደግሞ «ሪማስተርድ» ከሚለው ይልቅ የመጀመሪያውን ኅትመት ይምረጡ፤ በኋላ የታደሱት ብዙዎቹ ከዳር እስከ ዳር እንዲጮኹ ስለተደረጉ፣ በዝቅታና በከፍታ መካከል የነበረው ልዩነት ጠቦባቸዋል።

አንድ ስቱዲዮን ተከትሎ መሄድ

በዓመት ማድመጥ ለሰለቸው ሰው የተሻለ መንገድ አለ፣ እርሱም በተቀዱበት ቦታ መከተል ነው። የቦብ ማርሌይን አልበሞች ያሳተመው የአይላንድ ሬከርድስ መሥራች ክሪስ ብላክዌል በባሃማስ ደሴቶች፣ ናሶ ከተማ አጠገብ ኮምፓስ ፖይንት የሚባል ስቱዲዮ ከፍቶ ነበር። ከላይ የተጠቀሰው «ባክ ኢን ብላክ» የተቀዳው በ1980 በዚያ ስቱዲዮ ነው። ኤሲ/ዲሲ ከሄዱ ከጥቂት ወራት በኋላ እዚያው የገቡት የኒው ዮርኮቹ ቶኪንግ ሄድስ ከአዘጋጁ ብራያን ኢኖ ጋር «ሪሜይን ኢን ላይት»ን ሠሩ፤ ይህ አልበም የናይጄሪያዊውን የፌላ ኩቲን አካሄድ ተከትሎ ኮርድ ሳይቀያይር በአንድ ዙር ምት ላይ ድምፅ እየደራረበ የሚሄድ ነው። በ1981 የወጣው የግሬስ ጆንስ «ናይትክለቢንግ»ም ከዚያው ነው፤ በእርሱ ላይ የጃማይካዎቹ ስላይ ዳንባርና ሮቢ ሼክስፒር በድራምና በቤዝ ተጫውተዋል። በ1983 ደግሞ አይረን ሜይደን «ፒስ ኦፍ ማይንድ»ን እዚያ ቀዱ።

አራቱን አልበሞች በተከታታይ ቀናት ያድምጧቸው፣ በእያንዳንዱም ቤዙ ምን እንደሚሠራ ብቻ ይከታተሉ። በኤሲ/ዲሲ ቤዙ ከጊታሩ ሥር ተደብቆ እንደ ምሰሶ ይቆማል፤ በቶኪንግ ሄድስ ጥቂት ኖታ ደጋግሞ ዘፈኑን እርሱ ይመራል፤ በግሬስ ጆንስ ዝም የሚልበት ጊዜ ከሚጫወትበት ይበልጣል፤ በአይረን ሜይደን እንደ ፈረስ ግልቢያ ሦስት ሦስት እየመታ ይሮጣል። «ሮክ»ና «ሬጌ» እና «ፈንክ» የሚሉትን ስሞች ከሽፋኑ ላይ ከማንበብ ይልቅ ልዩነቱን ከአንድ መሣሪያ መስማት የዘመኑን ስፋት ጥርት አድርጎ ያሳያል።

ማሽኖቹን መለየት

በእነዚያ ዓመታት ድራም ሦስት መልክ ነበረው፤ አንድ ጊዜ ከለዩአቸው ማንኛውንም ዘፈን በአንድ ወይም በሁለት ዓመት ስሕተት መገመት ይቻላል። አንደኛው በ1980 የወጣው የሊን ኤልኤም-1 ነው፤ በውስጡ የተቀመጠው እውነተኛ የተቀዳ ድራም ስለሆነ ድምፁ ደረቅና ቅርብ ነው፣ በ«ዴር» እና በፕሪንስ «1999» ላይ ይሰማል። ሁለተኛው በዚያው ዓመት የወጣው የሮላንድ ቲአር-808 ነው። ድምፁን በኤሌክትሪክ ዑደት ስለሚፈጥረው እውነተኛ ድራም አይመስልም፤ ሮላንድ በ1983 ማምረቱን አቆመ፣ ሆኖም በማርቪን ጌይ «ሴክሹዋል ሂሊንግ» ላይ የሚሰማው ለስላሳ ኳኳታ የዚሁ ማሽን ነው።

ሦስተኛው ማሽን ሳይሆን የስቱዲዮ ዘዴ ነው። በ1979 በለንደን ታውንሃውስ ስቱዲዮ፣ ፊል ኮሊንስ ለፒተር ጌብርየል አልበም ድራም ሲመታ፣ ሙዚቀኛው ከቴክኒሻኑ ጋር እንዲነጋገርበት የተተከለው ማይክሮፎን ድምፁን እጅግ አጭቆ ያስተላልፍ ነበር፤ የድምፅ ቴክኒሻኑ ሂዩ ፓድጋም ያንን ድምፅ ቀድቶ፣ ማስተጋባቱ ሊረዝም ሲል በድንገት የሚዘጋ መሣሪያ ጨመረበት። ውጤቱን ለመስማት በ1981 መጀመሪያ የወጣውን የፊል ኮሊንስ «ኢን ዚ ኤር ቱናይት» ይክፈቱ፤ 3 ደቂቃ ከ40 ሴኮንድ አካባቢ ድረስ ይታገሡ። ድራሙ ሲገባ ትልቅ አዳራሽ የተከፈተ ይመስላል፣ አዳራሹ ግን እያንዳንዱ ምት ሳያልቅ ይዘጋል። በስልክ ድምፅ ማውጫ ይህ አይሰማም፤ የጆሮ ማዳመጫ ወይም የቤት ስፒከር ያስፈልጋል።

ሲንተሳይዘሩ ቶሎ የሚለይ ነው። እስከ 1982 የሚሰማው ወፍራምና ትንሽ የሚዋልል ሲሆን፣ ያማሃ ዲኤክስ 7ን በ1983 ካወጣ በኋላ ጥርት ያለ፣ ደወል የመሰለ የኤሌክትሪክ ፒያኖ ድምፅ በየስሎው ዘፈኑ ይሞላል።

የአዲስ አበባው ጎን

የውጭው ሙዚቃ እዚህ ባዶ ቦታ ላይ አልወደቀም። በሰዓት እላፊ ዘመን ሆቴል ገብቶ ያመሸ ሰው እስከ ንጋት እዚያው ስለሚቆይ፣ ባንዶቹ ረጅም ሌሊት የሚሞላ ብዙ ዓይነት ሙዚቃ መቻል ነበረባቸው። ዋልያስ ባንድ በሂልተን፣ ዳህላክ ባንድ በጊዮን፣ ኋላ ሮሃ ባንድ የሆነው አይቤክስ ደግሞ በራስ ሆቴል ተጫውተዋል። ዋልያስ በ1981 ወደ አሜሪካ ለትርኢት ሄዶ ከፊሎቹ አባላቱ እዚያው ቀሩ፤ ጆቫኒ ሪኮ በቤዝ፣ ሰላም ሥዩም በጊታር የነበሩበት ሮሃ ደግሞ በእነዚያ ዓመታት ከብዙ ድምፃውያን ጀርባ የካሴት ዘመን ድምፅ ሆነ። ሸክላ መታተም በ1970 ዓ.ም. ገደማ ስለቆመና ለዓለም የታወቀው «ኢትዮፒክስ» የተሰኘው የድሮ የኢትዮጵያ ሙዚቃ አልበሞች ተከታታይ ያተኮረው በዋናነት ከዚያ በፊት በነበረው ላይ ስለሆነ፣ የካሴቱን ዘመን መፈለግ ያለብዎት በራስዎ ነው።

ሦስቱን ሆቴሎች የሚያገናኝ የእግር መንገድ አለ፦ ከራስ ሆቴል ተነሥቶ በስታዲየም በኩል ወደ ጊዮን፣ ከዚያም በመስቀል አደባባይ ወጥቶ በዳግማዊ ምኒልክ ጎዳና ወደ ሂልተን። በዚህ መንገድ አንዱን የውጭ አልበም ሲሄዱ፣ አንዱን ከሮሃ ጋር የተሠራ የአማርኛ ካሴት ሲመለሱ መስማት ጥሩ ማነጻጸሪያ ነው፣ መንገድ ሲሻገሩ ማዳመጫውን ከጆሮ እያወረዱ። ጆሮ ሊጣልባቸው የሚገቡት ነገሮች ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው ምቱ ነው፤ የውጭው ፖፕ በአራት ምት ቀጥ ብሎ ሲረግጥ ችክችካው በስድስት ስምንተኛ ይዘልላል፣ ድራመኛው የሮክ ክብደት ይዞ እንዴት ሁለቱን እንደሚያስታርቅ ይስሙ። ሁለተኛው ጊታሩ ነው፤ የድምፅ ማዛቢያውና ማስተጋቢያው ከውጭ የመጣ ቢሆንም ጣቶቹ የሚሄዱት በትዝታ ወይም በአምባሰል አምስት ድምፆች ላይ ነው። የሲንተሳይዘሩን ታሪክ ለመከተል ደግሞ ከዋልያስ ጋር ሄዶ አሜሪካ የቀረው ኃይሉ መርጊያ በ1985 ለብቻው የሠራውን፣ በ2013 እንደገና የታተመውን የአኮርዲዮንና የኪቦርድ አልበም ይያዙ፤ አኮርዲዮኑ የድሮውን ዜማ ሲይዝ ድራም ማሽኑ ሥሩን ይጠብቃል።

የት ላይ ማቆም

ዘመኑን 1976 ዓ.ም. ላይ መቁረጥ የዘፈቀደ ውሳኔ አይደለም። በ1983 ሚዲ የተባለው የመሣሪያዎች መገናኛ ሥራ ላይ ሲውል የአንዱ ኩባንያ ኪቦርድ ከሌላው ድራም ማሽን ጋር መነጋገር ቻለ፣ ዲኤክስ 7 በየስቱዲዮው ገባ፣ ድምፆችም ከአገር አገር እየተመሳሰሉ ሄዱ። ኅዳር 1977 ዓ.ም. ላይ በኢትዮጵያ ረኃብ ምክንያት የተቀዳው የባንድ ኤይድ ዘፈንና በሐምሌ የተከተለው የላይቭ ኤይድ ትርኢት ደግሞ ፖፕን ሌላ ሥራ ሰጡት፤ ያ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው።

ድንበሩን በአንድ ሰው ሥራ መስማት ለሚፈልግ ብሩስ ስፕሪንግስቲን አለ። በጃንዋሪ 1982 በኒው ጀርሲ ቤቱ ውስጥ በተራ ካሴት ላይ አራት መስመር በሚቀዳ ትንሽ የቲአክ ማሽን ለባንዱ ማሳያ እንዲሆኑ ዘፈኖች ቀዳ፤ ካሴቱን ያለ ማቀፊያ በኪሱ ይዞት ይዞር ነበር። ባንዱ ከብዙዎቹ ጋር ሊስማማ ስላልቻለ ያው ካሴት ራሱ «ኔብራስካ» ሆኖ በዚያ ዓመት ታተመ። በዚያው ጊዜ ከቀዳቸው መካከል «ቦርን ኢን ዘ ዩኤስኤ» የተሰኘው ግን ቆይቶ በሙሉ ባንድ ተሠርቶ በጁን 1984 የግዙፉ አልበም መክፈቻና መጠሪያ ሆነ። በመጀመሪያ «ኔብራስካ»ን በሙሉ፣ ቀጥሎ ይህን አንድ ዘፈን በካሴት የተቀዳውን ቅጂና በ1984 የወጣውን አከታትለው ይክፈቱ፤ በሁለተኛው ላይ ስኔር ድራሙን ብቻ ይከታተሉ።